ስሙን የሚቀያይረው ዓመት፦ ከፍሬሽማን እስከ ሪሚዲያል

ዱከምን ብዙው መንገደኛ የሚያውቃት በቁርጥ ቤቶቿ ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ሥጋውን በልቶ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ ይቀጥላል። ትንሽ ቆም ብሎ ላያት ሰው ግን ስለ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪክ የምታጫውተው አላት። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ኃይሉን ወደ አዲስ አበባ የላከው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በአቅራቢያዋ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ናፍጣ አይጠጣም፤ 25 ሺህ ቮልት ከተሸከመ ሽቦ ኃይል እየሳበ ነው የሚሄደው። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎችም ያለ ሞተርና ያለ ትራንስፎርመር አንድ ቀን አያድሩም።

ትምህርት ቤቱም ሩቅ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወደ ታች ሲወርዱ ቢሾፍቱ ላይ የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነር መሆን የሚመኝ የዱከም ልጅ ነገሩ በኪሎ ሜትር ቢለካ ኖሮ ከአገሪቱ ልጆች ሁሉ የታደለ ነበር።

ነገሩ የሚለካው ግን በአንድ ዓመት ነው። ሁለተኛ ደረጃን ከኢንጂነሪንግ ክፍል የሚያገናኘው ያ ዓመት እንግሊዞች ዘንድ ፋውንዴሽን ዓመት ይባላል፤ በሒሳብና በፊዚክስ በቂ መሠረት ሳይዝ የመጣ ተማሪ ዲግሪውን ከመጀመሩ በፊት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ዓመት ይሠለጥናል። እኛ ዘንድ ይህ ዓመት ፍሬሽማን ተብሏል፣ ፕሪፓራቶሪ ተብሏል፣ ፕሪ-ኢንጂነሪንግ ተብሏል፣ አሁን ደግሞ ሪሚዲያል ይባላል። በየጊዜው ‘ቀረ’ ወይም ‘ተጀመረ’ እየተባለ ይነገራል። ታሪኩን ተከትሎ ለሄደ ሰው ግን አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። የተቀየረው ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዓመቱ ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ፤ ‘ጎበዝ ልጅ የትም ቢገባ ይወጣዋል’ የሚል ሰው አይጠፋምና። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያውቀው የኦምን ሕግ ነው፤ ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ከረንት ይሆናል። ባትሪና አምፖል እስከሆነ ድረስ ይህ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን ባትሪ አይደለም። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ አቅጣጫውን ይቀያይራል። ካፓሲተር ያለበት ሰርኪዩት ውስጥ ከረንቱን የሚወስነው የቮልቴጁ መጠን ሳይሆን ቮልቴጁ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ነው፤ የመለዋወጥ ፍጥነት ማለት ደግሞ ካልኩለስ ነው። በዚህ ላይ ቮልቴጁና ከረንቱ እኩል አይራመዱም፣ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ያንን ልዩነት ለማስላት ኮምፕሌክስ ነምበር ይመጣል። ታሪክ የሚያጠና ተማሪ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው የሚቀጥለውን ማንበብ ይችል ይሆናል። ኤሌክትሪካል ውስጥ ያመለጠው ምዕራፍ የሚቀጥሉትን ሁሉ ይዘጋል።

የቀድሞዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር አገሪቱ በቂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበራትም። በ1945 ዓ.ም. አምስት ኪሎ ላይ የተከፈተው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅም ወዲያው ዲግሪ ልስጥ አላለም፤ መጀመሪያ ይዞት የተነሳው የ2 ዓመት መካከለኛ ፕሮግራም ነበር። ኮሌጁ ራሱ የመሸጋገሪያ ቤት ሆኖ ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ተማሪውን በልጅነቱ ወስዶ ኤሌክትሪክን ከወርክሾፕ ጀምሮ በእጁ አስነካው።

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ፍሬሽማን የሁሉም መግቢያ በር ሆነ። ማትሪክ ያለፈ ሁሉ አንድ ዓመት የጋራ ትምህርት ይወስዳል፣ ከዚያ ወደየፋኩልቲው ይበተናል። በሩ ጠባብ ነበር። በአንደኛው ሴሚስተር ማብቂያ ስሙ ከዝርዝር ውስጥ ጠፍቶ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለሰው ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚያ ዘመን ፍሬሽማን የሚያወሩ አባቶች ዛሬም ድረስ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ መባረሩ ነው የሚያወሩት። ቢሆንም ለተማሪው አንድ የሚያጽናናው ነገር ነበረው። ዓመቱን የሚያልፈው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ መምህሩ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ላብራቶሪው የዩኒቨርሲቲ፣ አልጋውና ምግቡም የመንግሥት።

በደርግ ዘመን ነገሩ ባለበት ቀጠለ። እድገት በኅብረት ዘመቻ ትምህርቱን ቢያቋርጠውም ፍሬሽማን አልተነካም። ከዚያ ዘመን መጠቀስ ያለበት እዚህ የተደረገው ሳይሆን ውጭ የተደረገው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄደዋል። ሶቪየት የደረሰ ተማሪ ቀጥታ ዲግሪ አይጀምርም፤ ፖድፋክ የሚባል መሰናዶ ፋኩልቲ ይገባል። ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱትን የሚቀበለው በላይፕዚግ የነበረው የሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። በፖድፋክ አንድ ዓመት ሩሲያኛ ይማራል። ግን ሩሲያኛ ብቻ አይደለም። ኢንጂነር የሚሆነው ተማሪ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና የቴክኒክ ስዕልን እዚያው በአዲሱ ቋንቋ እንደገና ይማራቸዋል። ቃሉን ከነጥያቄው፣ ቋንቋውን ከነቀመሩ ያዳብላል። ‘ሰላም፣ እንዴት ነህ’ ማለት የቻለ ሰው ‘ኢንዳክታንስ’ን ይረዳል ብለው አላሰቡም። ከዚህ አገር ወጥቶ በሩሲያኛ ወይም በጀርመንኛ የተመረቀ ብዙ መሐንዲስ የኖረን ከተማሪው ጉብዝና ባልተናነሰ በዚያ ዓመት ነው። እኛ ደግሞ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ቋንቋውና ትምህርቱ እንዲህ የሚገናኙበት ዓመት ግን አዘጋጅተን አናውቅም።

ከዚያ 1986 ዓ.ም. መጣ። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፦ 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ፣ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ። የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ተማሪዎች በ1994 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ገቡ። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ፍሬሽማን አልጠበቃቸውም። ፍሬሽማን የሚያስተምረው ነገር መሰናዶ ላይ ተሰጥቷል ተብሎ ዓመቱ ታጠፈ። የ4 ዓመቱ ዲግሪ 3 ሆነ፣ ኢንጂነሪንግም ከ5 ወደ 4 ዓመት ወረደ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እንግሊዞችም ሁለተኛ ደረጃን በሁለት ዓመት መሰናዶ ነው የሚጨርሱት፤ ዲግሪያቸው ሦስት ዓመት የሆነው ለዚህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ሲሆኑ፣ በሩ ላይ የቆመው ተማሪ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ዓመት ማለት አልጋ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ዶክተር መምህር ነው። ዓመቱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማውረድ ያንን ሁሉ ነፃ ያወጣል። የወጪ መጋራት የተጀመረውም በዚያው በ1996 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይሏል። መንግሥት ስለ ገንዘብ እያሰበ ነበር፤ ማሰቡም አይፈረድበትም።

የተረሳው ነገር ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ሲወርድ መምህሩና ላብራቶሪው አብረውት አለመውረዳቸው ነው። ካልኩለስ 12ኛ ክፍል ገባ፣ ኮምፕሌክስ ነምበርም 11ኛ ገባ። እነዚህን የሚያስተምር ሰው ግን በየወረዳው አልነበረም። መፍትሔው ፕላዝማ ሆነ።

ያንን ዘመን በክፍል ውስጥ ያሳለፈ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጸው በሳተላይት በየክፍሉ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ይመጡ ጀመር። አስተማሪው በማይታወቅ አነጋገር ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ያለፈውን ለማብራራት ይሯሯጣል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ሄደ። ነገ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ሆኖ የአገሩን ኃይል ያስተካክላል የተባለው ልጅ ፊዚክሱን ያጣው በኃይል መቆራረጥ ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው ‘አጋነንክ’ ይባል ነበር።

በተዘዋዋሪ ውድቀቱን ያመኑት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ናቸው። የ4 ዓመቱ ኢንጂነሪንግ ብዙም ሳይቆይ ወደ 5 ተመለሰ፣ የመጀመሪያው ዓመትም ፕሪ-ኢንጂነሪንግ ተባለ። ተማሪው ዲፓርትመንት ሳይመርጥ አፕላይድ ማቴማቲክስ፣ ሜካኒክስ፣ ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግና ፕሮግራሚንግ ይወስዳል። በዓመቱ መጨረሻ በውጤቱ ተሰልፎ ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል ወይም የደረሰውን ያገኛል። የተሰረዘው ዓመት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ይሁንና ሌላ ነገር አብሮት መጣ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወሰነ፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የኢንጂነሪንግ ነበር። የ70/30 ሐሳብ ፋብሪካ ይመጣል፣ መሐንዲስ ያስፈልጋል የሚል ነበር። ዱከም ላይ እውነትም ፋብሪካ መጣ፤ የቻይናው የጫማ አምራች ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ግን ድልድዩ ለሺዎች በሚጠብበት ሰዓት በመቶ ሺዎች እንዲያልፉበት ተደረገ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ፤ ብዙዎቹ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የተቀበሉት ላብራቶሪያቸው በካርቶን እንደታሸገ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በፍኖተ ካርታው ውይይት ማግስት ፍሬሽማን በይፋ ተመለሰ። እዚህ ላይ የተመለሰው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። ኢንጂነሪንግ የሚመኝ ተማሪ በዚያ ዓመት አጠቃላይ ፊዚክስና ሒሳብ ይወስዳል። ከነሱ ጋር ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥራ ፈጠራ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ይወስዳል። ዜጋ ለመቅረጽ ነው ቢባል ክርክር የለም፤ መሐንዲስ አንትሮፖሎጂ ቢማር አይጎዳም። ካልኩለሱ ለጎደለው ተማሪ ግን ይህ ዓመት ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጉድጓዱ አንድ ቦታ ሆኖ አፈሩ ሜዳው ሁሉ ላይ ተበተነ።

ቀጥሎ የሆነውን አንባቢ ሁሉ ያስታውሳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆቱን ለማስቆም ሲባል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አምጥቶ ተሰጠ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ቁጥሩ እየተሻለ ነው፤ ግን 8.4 በመቶን ‘መሻሻል’ ብሎ ለማክበር የሚደፍር ሰው መነሻውን ማስታወስ አለበት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ ሊቀሩ ስለሆነ መፍትሔ ተፈለገ፤ ሪሚዲያል። ከ50 በታች ያመጡ ግን የተሻሉ የሚባሉት ካምፓስ ገብተው ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራሉ። በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ካለፉ ፍሬሽማን ይገባሉ። ሕዝቡ ወዲያው ቀልድ አደረገው፤ ‘የወደቁ ልጆች ማቆያ’ አለው። ይህ ቀልድ ተገቢ አይመስልም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃን ጉድለት በራሱ አልጋ፣ በራሱ እንጀራ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህር ልሙላ ያለው እዚህ ላይ ነው። ታስቦበት የተደረገ አይደለም፤ ውድቀት ያስገደደው ነው። አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። የጎደለው ጊዜና ዓላማ ነው። የፖድፋክ ተማሪ ሙሉ ዓመት ነበረው፤ የሪሚዲያል ተማሪ ግን አራት ወር ያህል ብቻ ነው ያለው። አራት ወር ሙሉ ደግሞ የሚዘጋጀው ለሰርኪዩት ሳይሆን ምርጫ ለማጥቆር ነው።

ከዚህ በፊት ኢንጂነሪንግን የሚያጣራው ጂፒኤ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫው በር ላይም ፈተና ቆሟል። በዚያ ዓመት ሐምሌ በተሰጠው የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። መግቢያው ላይ ያልተሞላ ጉድለት አምስት ዓመት ቆይቶ መውጫው ላይ ይከፈላል። ልዩነቱ በዚያ ጊዜ የሚከፍለው ወላጅ መሆኑ ነው።

ዱከም ላይ ይህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዞ ይመጣል። በኦሮሚያ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሒሳቡም ሳይንሱም። ይህ በራሱ ጥሩ ነው፤ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ይገባዋል፣ ክርክሩ ያለፈበት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩት ከ7ኛ ክፍል ነው። በ37 ኪሎ ሜትር ልዩነት የሚኖሩ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ ‘ሬዚስታንስ’ን በእንግሊዝኛ መስማት የጀመረው ከሌላው ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ቂሊንጦም ሆነ አዳማ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና በመስጠት የሚታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ያ ፈተና የሚመዝነው ጉብዝናን ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ሁለት ዓመት የት ይጥለዋል? አቅም ያለው ወላጅ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባል ወይም አስጠኚ ይቀጥራል። የፋብሪካ ሠራተኛው ወላጅ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ዱከም የኖረ ያውቀዋል።

ዓመቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ደግሞ ባቡሩ አለ። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እየሠለጠኑ ቀስ በቀስ ሥራውን ተረከቡ፤ ርክክቡ የተጠናቀቀው በ2016 ዓ.ም. ነው። ለዚያ ሥራ ከተመረጡት ብዙዎቹ ዲግሪ ነበራቸው፤ ቢሆንም ባቡሩን ከመንካታቸው በፊት እንደገና ሥልጠና ገቡ። ኩባንያ ገንዘብ ስላለው ለራሱ ፋውንዴሽን ዓመት ይሠራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ይባላል፤ ያንን ኃይል የሚያሠራጩ ጣቢያዎችና መስመሮች ገና ብዙ መሐንዲስ ይፈልጋሉ።

የትምህርት ሚኒስቴር ሪሚዲያልን የሚያየው የሁለተኛ ደረጃ ውጤት እስኪስተካከል እንደሚቆይ ጊዜያዊ ነገር ነው። አሁን ባለው አካሄድ ያ ቀን መቼ እንደሚመጣ ማስላት ለሚፈልግ 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ 8.4 የሚሉት ቁጥሮች አሉለት። መስከረም ላይ ዱከም ውስጥ 9ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ግን ስሌቱን አይጠብቅም። የፊዚክስ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይከፍታል፤ ፈተናው ሊደርስ አራት ዓመት ቀርቶታል።